እንጅባራ መነሻ፣ ዳንግላ መድረሻ

ከእንጅባራ ተነስቶ በአስፋልቱ ወደ ባሕር ዳር አቅጣጫ የሚጓዝ ሰው ዳንግላ ለመግባት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ማራቶን ደግሞ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው። እንግዲህ ከእንጅባራ የተነሳ ሯጭ ዳንግላ ገብቶ ከተማዋን ዞር ዞር ብሎ ቢያያት ልኩ ይሞላለታል ማለት ነው። መንገዱ ክፍት በሆነ ቀን በሚኒባስ አንድ ሰዓት ገደማ የሚፈጅ ጉዞ ነው። እኔ በዚህ መንገድ በአምቡላንስም፣ በጭነት መኪና ጋቢናም፣ አንዳንዱን ክፍል በእግሬም ተመላልሼበታለሁ። በሩጫ ግን አስቤውም አላውቅም።

ሩጫ ስለማልወድ አይደለም። እወዳለሁ፤ የምወደው ግን አጭሩን ነው። ተማሪ ሳለሁ 400 እና 800 ሜትር እሮጥ ነበር፤ ነርስነት ስማርም ነጩን ጫማ አውልቄ ከልጃገረዶቹ ጋር ሜዳ እወርድ ነበር። ዛሬ ስድሳን አልፌ፣ ጡረታ ወጥቼ፣ ማለዳ ማለዳ እራመዳለሁ። ግራ ቀኝ አይቼ ሰው ከሌለ ደግሞ 200 ሜትር ያህል ሮጥ እላለሁ። አጭር ሩጫ መነሻውም መድረሻውም ከአንድ ቦታ ይታያል። የቀዳሽው ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። ማን እንደቀደመ፣ ማን እንደተቀደመ ሁሉም ያያል፤ ክርክር የለበትም።

ማራቶን ማየት ለእኔ የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ እናት ምጥ እንደ መጠበቅ ነው። በማዋለጃ ክፍል ብዙ ሌሊት አድሬያለሁና የምለውን አውቃለሁ። ቤተሰብ በር ላይ ቆሞ "እስካሁን ምንም የለም?" ይላል። አዎ፣ ምንም የለም። ከአንድ ሰዓት በኋላም ተመልሶ ሲጠይቅ መልሱ ያው ነው። ለለመደ ዓይን ግን ብዙ ነገር እየሆነ ነው፤ የአተነፋፈሷ ልክ፣ የከንፈሯ መድረቅ፣ ዝም ማለቷ ራሱ ወሬ ነው። ከዚያ ሁሉም ነገር በአንዴ ይመጣና የጠበቀውም ያልጠበቀውም እኩል ይደነግጣል። ማራቶንን በዚህ ዓይን ማየት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው፤ ከዚያ በፊት "ሲጨርሱ ጥሩኝ" ብዬ ወደ ጓዳ የምገባ ሰው ነበርኩ።

መንገዱን ለማያውቁ አንባቢያን ትንሽ ልበል። እንጅባራ የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ዝናቧም ብርዷም የታወቀ ነው። የቆየ ሰው እስከ ዛሬ ኮሶበር ይላታል። እኛ የጤና ሰዎች ይህን ስም ስንሰማ ፈገግ እንላለን፤ ኮሶ ጠጥቶ የዋለ ሰው ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል። ወደ አዲስ አበባ አቅጣጫ ጥቂት ወጣ ቢሉ ዘንገና ሐይቅ አለ። እሳተ ገሞራ የፈጠረው ክብ ሐይቅ ነው፤ ዙሪያው ደን፣ ጥልቀቱ ከ160 ሜትር በላይ። እንግዳ ሲመጣብኝ መጀመሪያ የምወስደው ወደዚያ ነው። ቤተሰብ ይዘው የሚሄዱ ካሉ ግን ልጆቹን ከዳር ያዙልኝ፤ ጥልቀቱ ከአፋፉ ብዙም ሳይርቅ ይጀምራል።

ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ ሲወርዱ መጀመሪያ የሚቀበልዎት ቀርቀሃና ድንች ነው። ቀጥሎ ዲከረንስ ይመጣል። የፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬ መሬቱን ለዚህ ከውጭ ለመጣ የግራር ዝርያ መስጠት ከጀመረ ቆይቷል። ዛፉ በአራት በአምስት ዓመት ይደርሳል፤ ይቆረጣል፤ ከሰል ይሆናል፤ መሬቱ እህል ይዘራበትና እንደገና ይተከልበታል። በመንገዱ ግራና ቀኝ የተደረደረውን የከሰል ጆንያ ያየ ሰው በዚህ አገር ገንዘብ ከወዴት እንደሚመጣ አይጠፋውም። ቤት የተሠራበት፣ ልጅ ዩኒቨርሲቲ የገባበት ከሰል ነው። እኔ ግን ጭሱ ውስጥ ውለው የሚያስሉ እናቶችን ስንቴ እንደተቀበልኩ ስለማውቅ ጆንያውን ሳይ ደስታዬ ሙሉ አይሆንም።

አዲስ ቅዳም ከመንገዱ እኩሌታ አካባቢ ናት። ከእርሷ ወዲያ አየሩ ይለዝባል፤ ጋቢ ከትከሻ ይወርዳል፤ ማሳው ሰፋ ይላል፤ በቆሎና ጤፍ ይበዛል። ዳንግላ ከ2,100 ሜትር ትንሽ ከፍ ብላ ተቀምጣለች። ከእንጅባራ ጋር ሲተያዩ ወደ 400 ሜትር ገደማ የከፍታ ልዩነት አላቸው። ዳንግላ የቆየች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1925 ሮበርት ቺዝማን የተባለ እንግሊዛዊ የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆንስል ሆኖ መጥቶ እስከ 1934 ድረስ መቀመጫው እዚያው ነበር። በእግርና በበቅሎ እየዞረ ጣና ሐይቅንና የዓባይን ሸለቆ አጥንቶ መጽሐፍ ጽፏል። ረጅም ርቀት የሚወድ ሰው እንደነበር አያጠራጥርም።

በዚህ መንገድ ላይ እውነተኛ ማራቶን ቢዘጋጅ፣ ሰው ቢሮጥበትና የዓለምን ሰዓት ቢያሻሽል ክብረ ወሰን ተብሎ አይመዘገብለትም። የዓለም አትሌቲክስ ደንብ መነሻው ከመድረሻው በኪሎ ሜትር ከአንድ ሜትር በላይ ከፍ እንዳይል ያዛል፤ ለማራቶን 42 ሜትር መሆኑ ነው። የእኛ ቁልቁለት ዐሥር እጥፍ ሊሆን ነው። የቦስተን ማራቶንም በዚሁ ደንብ ተይዟል። እ.ኤ.አ. በ2011 ኬንያዊው ጄፍሪ ሙታይ እዚያ 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ2 ሰከንድ ሮጦ በወቅቱ ከነበረው ክብረ ወሰን የፈጠነ ቢሆንም አልተመዘገበለትም፤ መንገዱ ቁልቁል ነው፣ መነሻውና መድረሻውም ተራርቀዋል ተብሎ። ይህን ስነግረው የአይሱዙ ሾፌር የሆነው ልጄ "እና ሽቅብ ከዳንግላ ወደ እንጅባራ ይሩጡዋ!" አለኝ። ጭነት ጭኖ ያንን ዳገት ስለሚያውቀው ነው።

የአዊ ሰው የሩጫ ዓይኑን የሚያሰለጥነው በፈረስ ነው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ በጊዮርጊስ፣ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ይከበራል። ማኅበሩ ከጣሊያን ወረራ ማግስት ጀምሮ የቆየ ሲሆን የዓድዋ ዘማቾችንና ያገለገሏቸውን ፈረሶች ያስባል። ፈረሱ በጥልፍና በዘቦ ተሸልሞ፣ ባለቤቱ ነጭ ለብሶ ሲመጣ ማየት ለልጅም ለሽማግሌም በዓል ነው። ግልቢያው ሲጀመር ግን ያው የእኔ ነገር ነው፤ አጭር ርቀት! ከዚህ ተነስቶ እዚያ ይደርሳል፤ መሬቱ ይንቀጠቀጣል፤ አለቀ። ጎረቤቴ ከሰባ አምስት ዓመት በላይ የሆናቸው የማኅበሩ አባል ናቸው፤ እኔ "አያ" እያልኩ ነው የምጠራቸው። ሯጭ የሚገመግሙት እንደ ፈረስ ነው፤ ጭኑን፣ አንገቱን፣ አፉን ያያሉ። አንድ ቀን ስለ አንድ ዝነኛ ሯጫችን "ይቺ ልጅ አፏን ዘግታ ነው የምትተነፍሰው፣ ገና ብዙ አላት" ሲሉ ሰምቼ የነርስነት ትምህርታቸውን የት ወሰዱት ብዬ ነበር።

ወደ ፓሪሱ ኦሊምፒክ ልምጣ። ሐምሌ 29 ቀን 2016 ማታ፣ አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ የሴቶች 800 ሜትር ፍጻሜ ነበር። ቤቱ ተኝቷል፤ እኔና የዐሥራ አምስት ዓመት የልጅ ልጄ ብቻ ነን ያልተኛነው። እሷም እንደ እኔ የ800 ሜትር ሯጭ ናት፤ የምትሮጠው ለትምህርት ቤቷ ነው። ጽጌ ዱጉማ በ1 ደቂቃ ከ57 ሰከንድ ከ15 መቶኛ ሰከንድ ሁለተኛ ስትወጣ ልጅቱ ትራሷን ነክሳ ነው የጮኸችው፤ አባቷን እንዳትቀሰቅስ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ አልቆ ወደ አልጋችን ሄድን። እኔ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት እንቅልፍ አልወሰደኝም። አጭር ሩጫ እንዲህ ነው፤ የሚያልቀው ቶሎ፣ የሚለቅህ ግን ዘግይቶ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 4፣ የወንዶቹ ማራቶን ሆነ። ታምራት ቶላ መጀመሪያ የተመዘገበው በተጠባባቂነት ነበር፤ ሲሳይ ለማ ተጎድቶ ሲቀር ተተካ። ዳገቱ ላይ ጥሏቸው ሄዶ በ2:06:26 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ይዞ አሸነፈ። በሲድኒ ገዛኸኝ አበራ ካሸነፈ 24 ዓመት ሆኖት ነበር። ያን ጊዜ፣ መስከረም 21 ቀን 1993፣ ዳንግላ ነበርኩ። እሑድ ማለዳ የሌሊት ተረኛነቴን አስረክቤ ወደ ቤቴ ስሄድ ከአንድ ሆቴል በር ላይ ሰው ተገፋፍቶ ቆሟል። ሰው ተጎድቶ መስሎኝ ቦርሳዬን ይዤ ገባሁ። ቴሌቪዥን ነበር። ገዛኸኝ አንደኛ፣ ተስፋዬ ቶላ ሦስተኛ ሲወጡ አንድ የማላውቀው ሰው ሻይ ጋበዘኝ፤ የጠጣሁት ግን ቆሜ ነው፤ ወንበር አልነበረም።

እሑድ ነሐሴ 5 የሴቶቹ ነው። ፍልሰታ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲጀመር ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰው ሁሉ በነጠላው እንደሆነ ቤታችን ገባ። ክረምቱ ጣራውን እየደበደበ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ያጠፋዋል። አዲስ ድንች ተቀቅሏል፤ ዳጣ አለ፤ ቡና ተጥዷል። አያም ጋቢያቸውን ተከናንበው ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ። ዓይናቸው ስለደከመ ጽሑፉን ማንበብ አይችሉም፤ ስለዚህ በየጊዜው "የት ደረሱ?" ይላሉ።

"ዐሥረኛው ኪሎ ሜትር ላይ ናቸው አባባ" አለች የልጅ ልጄ።

"ኪሎ ሜትሩን ለአባትሽ ንገሪ። የት ደረሱ?"

ልጅቱ ትንሽ አሰበች። "ከእንጅባራ ቢነሱ አዲስ ቅዳም ለመድረስ ግማሽ ቀርቷቸዋል።"

"እህ! ጎበዝ" አሉ አያ፤ ተደላድለው ተቀመጡ። ከዚያ ወዲያ የፓሪስ ማራቶን ቀርቶ የእንጅባራና የዳንግላ ማራቶን ሆነ። ቬርሳይ ሲደርሱ አዲስ ቅዳምን አልፈዋል። 28ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ የመንገዱ ክፉ ዳገት ሲመጣ ልጄ "ይኼ የእኛ መንገድ ላይ የለም" ብሎ ተቃወመ። እውነቱን ነው። የፓሪሱ መንገድ ሽቅብ የሚወጣው ሲደመር 436 ሜትር ነበር። ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ ሲኬድ የምንወርደውን ያህል እነርሱ ወጥተውታል ማለት ነው፤ የወጡትን ያህልም መልሰው ወርደውታል። ቁልቁለቱ እንደ እረፍት ይቆጠራል፤ ለጉልበትና ለጭን ግን ከዳገቱ ይብሳል። ከገበያ ተሸክሞ የሚወርድ ሰው ጉልበቱን ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጣው በማግስቱ ነው።

ትዕግስት አሰፋ ከመሪዎቹ ጋር ናት። አማኔ በሪሶም አለች። መገርቱ ዓለሙ አቋርጣ ወጥታለች። ሲፋን ሐሰን ከኋላ ኋላ ትላለች፤ አንዴ ትቀራለች፣ አንዴ ተመልሳ ትደርሳለች። ሲፋን ትውልዷ አዳማ፣ ሩጫዋ ለኔዘርላንድ ነው። በዚያው ኦሊምፒክ 5,000 ሜትርና 10,000 ሜትር ሮጣ በሁለቱም ነሐስ ወስዳለች፤ ሁለተኛውን የሮጠችው ከሁለት ቀን በፊት ዓርብ ማታ ነው። ለእኔ ይህ ከሰው አቅም በላይ ነው የሚመስለኝ። "ይቺ ነገር አላት" አሉ አያ፤ እሷ ኋላ ስትቀር ሳሉ። "የደከመ ፈረስ ሲቀር አንገቱን ይጥላል። እሷ አልጣለችም።"

30ኛው ኪሎ ሜትር ሲያልፍ የሰውነት ስንቅ የሚያልቅበት ሰዓት ይመጣል። ጉበትና ጡንቻ ያጠራቀሙት ስኳር መጠን አለው፤ ሲያልቅ ሰውነት ስብ ማቃጠል ይጀምራል፤ ስብ ደግሞ ቶሎ አይነድም፤ እርጥብ ማገዶ በሉት። ያን ጊዜ ነው ጎበዙ ሯጭ በአንዴ እንደ ሽማግሌ የሚሆነው። ፊታቸውን ሳይ ምጥ ክፍሉ ትዝ አለኝ። ምንም ሳይሆን የቆየው ሁሉ አሁን ሆነ።

"ዳንግላ ገቡ!" ብላ ልጅቱ ጮኸች፤ 40 ኪሎ ሜትር ሆነ ማለቷ ነው። ሴቶቹ አምስት ነበሩ። ከዚያ አማኔ ቀረች፤ አምስተኛ ሆና ጨረሰች። ኬንያዊቷ ሎኬዲ ቀረች። ሄለን ኦቢሪም ቀረች። ትዕግስትና ሲፋን ብቻ ሆኑ። ከሁለት ሰዓት ከ20 ደቂቃ በላይ ከሮጡ በኋላ የቀራቸው እኔ ማለዳ ማለዳ የምሮጣት ያቺው ርቀት ነበረች። ተነስቼ ቆምኩ። ማራቶኑ ወደ እኔ መንደር መጥቷል! መታጠፊያው ላይ ተጋፉ፤ ተላተሙ፤ ሲፋን በውስጥ በኩል አልፋ ወጣች። ሲፋን 2:22:55፣ ትዕግስት 2:22:58። ሦስት ሰከንድ።

ቤቱ ተንጫጫ። ልጄ "ገፍታታለች!" ብሎ ነጠላውን ወረወረ። ኢትዮጵያም ቅሬታ አቀረበች፤ ተቀባይነት ግን አላገኘም። እኔ በሯጭ ዓይን ስፈርድ መታጠፊያ ላይ ውስጡን የያዘ ይገፋል፣ ይገፋበታልም፤ 800 ሜትር የሮጠ ሁሉ ክርን ቀምሷል። አያ ደግሞ አጭር ነው የተናገሩት፤ "ሁለቱም የእኛ ልጆች ናቸው፤ ቡናውን ቅዱት።"

ከሦስተኛው ቡና በኋላ ነው የቤቱ ቁም ነገር የመጣው። ከዚያ በፊት በነበረው ወር አንድ ሰው ለልጄ "ልጅህ እግር አላት፤ ትምህርቱን ታቋርጥና አዲስ አበባ ልውሰዳት፤ ጎዳና ላይ ትሩጥ፤ ገንዘብ ያለው ማራቶን ላይ ነው" ብሎት ነበር። ልጄ ይህን ሲያብሰለስል መክረሙን አውቃለሁ። የታምራት ወርቅ ቅዳሜ፣ የትዕግስት ብር እሑድ ሲመጣ ልቡ ተነሳሳ። "እማዬ፣ አንቺ አጭሩን ስለምትወጂ ነው እንጂ" አለኝ፤ "በ800 ሜትር ማን ቤት ሠራ? ነዳጁ ጨመረ፣ ጎማው ጨመረ። እግዜር እግር ከሰጣት ምን አስቀመጣት?"

ልጄን አልወቅሰውም። አባት ነው፤ መንገዱ በተዘጋ ቁጥር አይሱዙው ይቆማል፤ አይሱዙው ሲቆም አራት አፍ ይጠብቀዋል። ጎዳና ላይ ያለው ገንዘብ ከትራክ እንደሚበልጥም እውነት ነው። ግን እዚያው ቴሌቪዥን ላይ ያየናትን ትዕግስትን አነሳሁበት። ትዕግስት እ.ኤ.አ. በ2016 ሪዮ ላይ ለኢትዮጵያ የሮጠችው 800 ሜትር ነው። ማራቶን መሮጥ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2022፣ በሃያ አምስት ዓመቷ ገደማ ነው፤ የመጀመሪያውን በ2 ሰዓት ከ34 ደቂቃ ጨረሰችው። በቀጣዩ ዓመት መስከረም በርሊን ላይ 2:11:53 ሮጣ በዚያን ጊዜ የዓለም ክብረ ወሰን ያዘች። ሲፋንም ወደ ማራቶን የመጣችው 1,500 ሜትሩን፣ 5,000ውን፣ 10,000ውን ጠግባ ነው። ዛሬ ፓሪስ ላይ መጨረሻዋን 200 ሜትር የወሰነላት ያ የአጭር ርቀት እግሯ ነው። በዐሥራ አምስት ዓመቷ ጎዳና ብትወጣ ያ እግር አይኖራትም ነበር።

ደንቡስ? በኦሊምፒክና በዓለም ሻምፒዮና ማራቶን ለመሮጥ ቢያንስ 20 ዓመት መሆን ያስፈልጋል። ለዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ይህን ሕልም የሚሸጥ ሰው ወይ ደንቡን አያውቅም፣ ወይ ዕድሜዋን በወረቀት ሊያሳድግ አስቧል። ሁለቱም አያምርም።

ቀጥሎ ያለው የነርስነት ነገር ነው፤ ሴት ልጅ ወይም የሴት ልጅ ልጅ ያላችሁ እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። በማደግ ላይ ያለች ልጅ ብዙ እየሮጠች ምግቧ ካነሰ ሰውነቷ ቁጠባ ይጀምራል። መጀመሪያ የሚያቋርጠው የወር አበባን ነው። ብዙ ሰው፣ አንዳንድ አሠልጣኝም ጭምር፣ ይህን "ሰውነቷ ለሩጫ ተስተካከለ" ብሎ በደስታ ይቀበለዋል። ምኑ ይስተካከላል! አጥንቷ መጠንከር በሚገባው ዕድሜ እየሳሳ ነው ማለት ነው፤ ቆይቶ ሳትወድቅ ይሰነጠቃል። የወር አበባዋ ሦስት ወር የቀረ ሯጭ ልጅ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለባት። ልጅቱ አፍራ ላትናገር ትችላለችና እናት ወይም አያት ትጠይቅ፤ አባቶች ይህን ለእኛ ተዉልን። ወንዶቹም ቢሆን ከጉዳቱ አያመልጡም፤ ምልክቱ ስለማይታይ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ደም ማነስ ነው። "ቶሎ ይደክመኛል፣ ዳገት ላይ ልቤ ይመታል" የምትል ሯጭ ሰነፍ ተብላ ስትሰደብ አይቻለሁ። ደሟ ተመርምሮ መታየት ነበረበት። እንደ እንጅባራ ባለ ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው አየሩ ስለሚሳሳ የደሙ መጠን ከቆላ ሰው ከፍ ማለት ይጠበቅበታል፤ ስለዚህ ለቆላ "ደህና ነው" የሚባለው ቁጥር ለደጋ ልጅ ማነስ ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅትም ለከፍታ ማስተካከያ አድርጎለታል። ባለሙያውን ለመጠየቅ አትፈሩ። የአንጀት ትላትልን መድኃኒት በየጊዜው መውሰድም የዚሁ አካል ነው፤ እንደ ድሮ ኮሶ መጠጣት አያስፈልግም፣ አንድ እንክብል ይበቃል። ምስርና ጎመን ጥሩ ናቸው። ቡናና ሻይ ግን ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ሲጠጣ ብረቱን ሰውነት እንዳይወስደው ያደርጋል። ይህን ስናገር ስኒው እጄ ላይ ነበርና ሁሉም ሳቁብኝ፤ እኔ ግን ማራቶን አልሮጥም።

ጾሙንም ልጄ አነሳው፤ "እየጾመች እንዴት ትሮጣለች?" አለ፤ ሐሳቡ ያለመሮጥ ሳይሆን ያለመጾም ነበር። ልጅቱ ግን ፍልሰታን አታስፈታም፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የምትጾማት ጾም ናት። የተስማማነው በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ልምምዱ እንዲቀልና የሚበላው በመጠን እንዲበዛ ነው፤ ሽሮ፣ ድንች፣ ተልባ፣ ንፍሮ። የጾም ምግብ ጉድለቱ ብዙ ጊዜ ከዓይነቱ ሳይሆን ከማነሱ ነው።

አያ ይህን ሁሉ ዝም ብለው ሲሰሙ ቆዩና "ግልገል ፈረስ ላይ ኮርቻ የሚጭን አለ?" አሉ። ልጄ መልስ አልሰጠም። ከእኔ የሕክምና ወሬ ይልቅ ያቺ ቃል እንደገባችው ገብቶኛል፤ እኔም አልተቀየምኩም። ልጅቱን ግን ማንም አልጠየቃትም ነበር። ዞር ብዬ "አንቺስ?" አልኳት። ድንቹን እየላጠች "እኔ ማራቶን ማየት ወደድኩ" አለች። "መሮጥ ግን 1,500 መሞከር ነው የምፈልገው። 12ኛ ክፍልን እስክጨርስ።"

ለዚያ ሰው ልጄ ራሱ ደውሎ አልሆነም አለው። ምን ብሎ እንደነገረው አልጠየቅኩም።

ልጅቱ አሁን በሳምንት ሦስት ቀን ትለማመዳለች። የሜዳውን ዙሪያ በገመድ ለክተን 400 ሜትሩን በድንጋይ ምልክት አድርገንለታል፤ ከብት አንዳንዴ ድንጋዩን ያንከባልለዋል፤ እንመልሰዋለን። ሰዓት የምይዘው እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት 800 ሜትሩን በ2 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ገባች፤ ከክረምቱ ወዲህ አራት ሰከንድ ቀንሳለች። ገና ትንፋሿ ሳይመለስ ስልኬ ጮኸ። አባቷ ነው፤ ዳንግላ ጭነት እያራገፈ ነበር። እንደምን ዋላችሁም አላለ፤ "ስንት ገባች?" ነው ያለው።